የአሜሪካ ካራቫን መብራት እዚህ እንዴት ይገናኛል?

ሰላም ቤተሰብ፣ ከአሜሪካ የመጣ ተጎታች ካራቫን ስታዲየም አካባቢ ግቢ ውስጥ አቁመን ቁርስ ቤት ልናደርገው ነው። የገመዱ ጫፍ ሶስት እግር ያለው ትልቅ ፕለግ ነው፣ 30 አምፒር 125 ቮልት ይላል። ቆርጬ የኛን ፕለግ ባስርበት ይሰራል? ኤሌክትሪሺያኑ ችግር የለውም አለኝ ግን ልቤ አላመነም

መልስ፦
ኧረ ወንድሜ በፍጹም! ፕለግ ስትቀይር ቅርጹ ነው የሚቀየረው እንጂ ቮልቱ አይደለም፣ የኛ 220 ነው፣ ልክ ብሬከሩን እንዳነሳህ ማይክሮዌቩም ኤሲውም (አየር ማቀዝቀዣው) የባትሪ ቻርጀሩም ሊነድብህ ይችላል። ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ፣ 30 በ120 ሲባዛ 3600 ዋት ስለሆነ የ5 ኪሎ ቮልት አምፒር ይሻልሃል። ኤሲው ግን የተሰራው ለ60 ኸርዝ (የመብራቱ ድግግሞሽ በሰከንድ) ነው፣ የኛ 50 ስለሆነ ትራንስፎርመርም ቢኖር ኮምፕረሰሩ ይግላል፣ እሱን ባትነካው ደስ ይለኛል

መልስ፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ እኔ የምጨምረው የሽቦውን ከለር ነው። አሜሪካኖቹ ጥቁሩን ፌዝ (መብራቱ የሚመጣበት) ነጩን ኒውትራል (የሚመለስበት) አረንጓዴውን ኧርዝ (ወደ መሬት የሚገባው) ያደርጋሉ፣ እዚህ ጥቁር ኒውትራል ነው ብሎ የለመደ ሰው ያገላብጠዋል፣ ስለዚህ በቴስተር ሳያይ እንዳያስር። ደግሞ የኛ ክብ ፕለግ ተገልብጦም ይገባል፣ ትራንስፎርመሩ አውቶ (መግቢያውና መውጫው አንድ ጥቅል ሽቦ የሚጋሩበት) ከሆነ ያኔ ኒውትራሉ ላይ 220 ይመጣል፣ ስለዚህ የመግቢያውና የመውጫው ጥቅል የተለያየ የሆነውን ግዛና ከሶኬት ሳይሆን ከብሬከር በቀጥታ አሳስረው። ኧርዙን በደንብ አስቀብር፣ ካራቫኑ ብረት ነው፣ ደንበኛ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን ይነካል

ጠያቂ፦
ተባረኩ፣ ኤሲውን እነቅለዋለሁ። ገመዱ ስንት ሚሊ ይሁን?

መልስ፦
ከቆጣሪ እስከ ትራንስፎርመር 4 ሚሊ መዳብ፣ ከራቀ 6። ጠቅልለህ እንዳትተወው፣ ይግላል