ከእስር ወጥቶ በ43 ዓመቱ ትወና ልጀምር ይላል፣ ይሆናል ወይ?

የሆጤው ልጅ፦
ሰላም የወሎ ልጆች። አጎቴ ሀሺሽ ሲያዘዋውር ተይዞ ስንት አመት ታስሮ ወጣ፣ አሁን እዚህ ደሴ እኛ ጋ ነው ሚኖረው። ሰሞኑን ትያትር ካልሰራሁ እያለ ነው። ማታ ማታ ጓዳ ገብቶ በስልኩ መብራት ወረቀት እያነበበ ድምፁን ሲሞክር እሰማዋለሁ፣ እናቴ ግን ሰው ምን ይላል ብላ ታለቅሳለች። በዚህ እድሜ የተሳካለት አለ?

ኮምቦልቻ፦
አለ እንጂ ወንድሜ! የሆሊውዱ ተዋናይ ዳኒ ትሬሆ። በፈረንጅ 1944 ሎስ አንጀለስ ተወልዶ በልጅነቱ ሄሮይን ጀመረ፣ ሸጠ፣ ዘረፈ፣ ሳን ኩዌንቲንን ጨምሮ ስንት እስር ቤት ዞረ፣ 1968 ላይ እዛው እስር ቤት እያለ እፁን አቆመ ከወጣም በኋላ ሱሰኛ መምከር ስራዬ ብሎ ያዘ። 1985 ላይ ኮኬይን ያስቸገረውን አንድ ልጅ ሊያግዝ ፊልም ቀረፃ ቦታ ሲሄድ አብሮት የታሰረ ኤድዋርድ በንከር የሚባል ፀሀፊ አወቀው፣ ቦክስ ስለሚችል በቀን 320 ዶላር የፊልሙን ተዋናይ ቦክስ አሰልጥን አሉት፣ ዳይሬክተሩ ደግሞ ፊቱን አይቶ ሮል ሰጠው። 40 ሞልቶት ነበር በዛን ጊዜ!

እማማ ከቧንቧ ውሀ፦
ልጄ፣ ትሬሆ ካሜራ ፊት ሳይቆም 17 አመት ገደማ ከእፅ ንፁህ ሆኖ ኖሯል፣ ለእናትህ እሱን ንገርልኝ። ቡና ሲፈላ አጎትህ ፊቷ ቁጭ ብሎ ያንብብላት፣ ዱአ ታድርግለት። የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን አገር ላይ መድረክ ምን ያሳፍራል?

የሆጤው ልጅ፦
እሺ እማማ፣ አላህ ይስጥልኝ። የትሬሆን ፎቶ አሳየሁት፣ ብዙ ዝም ብሎ አየውና «ፊቱ እንደኔ ነው» አለኝ።