«ኖባዲ» እና «ኤኒባዲ»ን በምን ቅደም ተከተል ላስተምር?

ሰላም የእንግሊዝኛ መምህራን። ድሬዳዋ ውስጥ ለጀማሪዎች አስተምራለሁ፤ ውሱን ያልሆኑ ተውላጠ ስሞች (እንደ «ኖባዲ» እና «ኤኒባዲ» ያሉት) ላይ ስለተቸገርኩ እርዱኝ።

አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተናጋሪዎቹ ሁሉ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ነው፦ «ኖባዲ ዲድንት ከም»። በሦስቱም ቋንቋዎች፣ «ማንም አልመጣም» እንደምንለው፣ ግሱ ራሱ አሉታ መሆን ስላለበት ነው። ስለዚህ «ኖባዲ» ካለ «ኖት»ን እንዲሰርዙ አደርጋለሁ። ተውላጠ ስሙ ባለቤት ሲሆን ይሠራል፤ «ኖባዲ ኬም» ይላሉ። ተሳቢ ሲሆን ግን «አይ ዲድንት ሲ ኖባዲ» ይመለሳል። በ«ኤኒባዲ» ሳርመው ደግሞ እሱኑ ወደ ፊት አምጥተው «ኤኒባዲ ዲድንት ከም» ይጽፋሉ። በ«ኤቭሪባዲ ኢዝ» ፈንታ «ኤቭሪባዲ አር» የሚሉት «ሁሉም መጡ» ከሚለው ወስደው ነው፤ እሱ በቃል ልምምድ ይስተካከላል፣ አያሳስበኝም።

የሚያስጨንቀኝ «ሳም ለአዎንታ፣ ኤኒ ለጥያቄና ለአሉታ» የሚለው ደንብ ነው። ቀፊራ ገበያ ሻይ ቤት ለገባ እንግዳ የሚባለው «ዉድ ዩ ላይክ ሳምቲንግ ቱ ድሪንክ?» ነው፤ ጥያቄ ቢሆንም ግብዣ ስለሆነ «ሳምቲንግ» ይገባል። «ኤኒባዲ ካን ከም» ደግሞ አዎንታ ነው። ደንቡን አጥንተው ሲጨርሱ እነዚህን ማምጣት ያደናግራቸዋል።

ግብዣውን ከመጀመሪያው ቀን ከደንቡ ጋር ላስተምር ወይስ ላቆየው? «ማንም ይችላል» የሚለውን «ኤኒ» ከአሉታው ለይታችሁ የምታስተምሩትስ እንዴት ነው? ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜና ለብዙ ተማሪ የሚሆን፣ ፎቶ ኮፒ የማይጠይቅ መልመጃ ካላችሁ ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹን ጻፉልኝ።