ጎንደሮች፣ እስኪ አንድ ሕንፃ ጠቁሙኝ

ሰላም ጎንደሮች! ጂኦካሺንግ ይዞኛል። በጂፒኤስ የተደበቀ ዕቃ መፈለግ ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ የተጀመረ ጨዋታ። አሁን የያዝኩት ፈተና ግን የተደበቀ ዕቃ የለውም። የትም አገር ሆኖ፣ የተሠራበት ዓመት ፊቱ ላይ የተቀረጸበት ሕንፃ ፈልጎ ፎቶውን ከነመገኛ ቁጥሩ መላክ ነው። ከመንገድ መታየት አለበት፤ ትኬት የሚያስቆርጥ አይቆጠርም። ፋሲል ግቢ በዚህ ወደቀ፤ ያናድዳል! ፒያሳ ያሉትን የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች አንጋጥጬ አየኋቸው። የማስታወቂያ ሰሌዳና የመብራት ሽቦ ሸፍኖት ይሁን እንጃ፣ ቁጥር የሚባል አጣሁ። አዘዞ በኩልስ ይኖር ይሆን?

ሌላው ደግሞ፣ ረጅም ግንብ ሥር ስቆም ስልኬ ላይ ያለሁበትን ቦታ የሚያሳየው ነጥብ ይዘላል። ሲግናሉ ከግድግዳው እየነጠረ እንደሆነ ገብቶኛል። እናንተ ምን ያህል ራቅ ብላችሁ ነው የምትለኩት?