የማይፎርድ ኤምኤል7 ቶርኖ ጊሮችን የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከተዘጋ ጋራዥ የገዛሁትን አሮጌ ማይፎርድ ኤምኤል7 ቶርኖ ወደ ሥራ ለመመለስ እየጣርኩ ነው። ኖቲንግሃም አካባቢ የተሠራ ትንሽ የእንግሊዝ የብረት መቅረጫ ማሽን ነው። ዝገቱን አስለቅቄያለሁ፤ ሞተሩም ይሠራል። የቸገረኝ የብሎን ጥርስ ስንቆርጥ የምንቀያይራቸው ጊሮች ናቸው። ብዙዎቹ የሉም።

ካሉት አንዱን በካሊፐር ለካሁት። 40 ጥርስ አለው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 53.3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 2.1 ኢንች ገደማ። 40 ላይ 2 ደምሬ ለ2.1 ሳካፍል 20 ይመጣል። ስለዚህ 20 ዲፒ (በኢንች የሚሠራ የጊር ጥርስ መጠን መለኪያ) ነው። ሶማሌ ተራ ያሳዩኝ ባለ 40 ጥርስ ግን 52.5 ነው፣ ሞጁል (የሚሊ ሜትሩ መለኪያ) 1.25። ለዓይን ቁርጥ አንድ ናቸው፤ አብረው ቢዞሩ ግን ጥርሳቸውን ይበላላሉ ብዬ ተውኩት።

ሌላው፣ ከዕቃው መሃል ባለ 21 ጥርስ ጊር አገኘሁ። አብረውት ያሉት 25፣ 35፣ 40 እያሉ የሚሄዱ ናቸው። ሊድስክሩው (መቁረጫውን የሚነዳው ረጅም ብሎን) በኢንች 8 ጥርስ ስለሆነ፣ ይሄ ባለ 21 ጊር ለሚሊ ሜትር ብሎን የገባ ይመስለኛል። ልክ ነኝ? ከሆነስ በጥርስና በጥርስ መካከል 1.5 ሚሊ ያለው ብሎን ለመቁረጥ ከየትኞቹ ጋር ላጣምረው?

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 20 ዲፒ መቁረጫ ኖሮት በፍሬዛ ጊር የሚቆርጥ ባለሙያ ካወቃችሁም እባካችሁ ጠቁሙኝ። የምፈልገው 30፣ 50 እና 60 ጥርስ ነው። ሦስቱ የተለያየ ቁጥር ያለው መቁረጫ ስለሚፈልጉ፣ አንዱን ብቻ የሚቆርጥልኝም ባገኝ ትልቅ ነገር ነው። ናሙናውን ይዤ እመጣለሁ።