ለጠባብ ቤት፦ ከአልጋው ጀምሩ

ስቱዲዮ ውስጥ ለምትኖሩ፣ ቦታ ለማትረፍ የሞከርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የአልጋውን ነገር ወስኑ። 140 በ190 ሳንቲ ሜትር የሆነ አልጋ ብቻውን ከ2.6 ካሬ በላይ ይይዛል። ሶፋ አልጋ ሁለት ዓመት ተኝቼበታለሁ፤ ለእንግዳ ካልሆነ አልመክረውም። ማታ ማታ ጠረጴዛ መግፋትና አንሶላ ማንጠፍ ይሰለቻል። ውሎ አድሮ ተዘርግቶ ይቀራል። መሃሉ ላይ ያለው ብረትም ወገብ ይቆረቁራል።

ወደ ግድግዳ የሚታጠፈው አልጋ ግን በጣም ይሻላል። አንሶላው እንደተነጠፈ፣ በቀበቶ ታስሮ ይነሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳውን አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጂፕሰም ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው። አልጋውን ለማንሳት የሚያግዘው ፒስተንም በአልጋውና በፍራሹ ክብደት ልክ ይመረጥ። ካነሰ አልጋው ይከብዳል፣ ከበዛ አልወርድ ይላል።

አናጺ ወይስ የተሠራ ዕቃ? እኔ ግድግዳ ላይ የሚቆመውን ለአናጺ፣ የሚታጠፈውንና የሚንቀሳቀሰውን ከሱቅ እላለሁ። የሱቅ ቁም ሳጥን ብዙ ጊዜ ጣሪያ አይደርስም፤ ከላይ የሚቀረው ቦታ የአቧራ ነው። አናጺው ሲለካ ግን አጠገቡ ቁሙ። የእኔን የሠራው ሰው ስፋቱን ከታች ብቻ ለክቶ ሄደ። ግድግዳው ወደ ላይ ሲሄድ በ2 ሳንቲ ሜትር ይጠብ ነበር። ቁም ሳጥኑ እግሩ ገባ፣ ራሱ አልገባም። ከታች፣ ከመሃል፣ ከላይ አስለኩ፤ የሚሠራው በትንሹ ቁጥር ነው። ጥልቀቱ ለሚሰቀል ልብስ 60፣ ለመጽሐፍ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

እቃ ማጠቢያው አካባቢ ኮምፔርሳቶ ይሻላል። ተራ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) ጠርዙ ካልተሸፈነ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል።

በሩንም አትርሱት። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር ሲከፈት ግማሽ ካሬ ያህል ወለል ይበላል፤ ተንሸራታች በር ግን ይህን ቦታ ያተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1926 አርክቴክቷ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ በጀርመን ለጠባብ ቤቶች የነደፈችው የፍራንክፈርት ኩሽና 1.9 በ3.4 ሜትር ብቻ ነበር፤ ወደ ሳሎን የሚያገናኘው በርም ተንሸራታች ነው። ለመጸዳጃ ቤት ግን ተንሸራታች በር አልመርጥም፤ ድምፅም ሽታም ያሳልፋል።

ከማዘዛችሁ በፊት የዕቃውን ልክ ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ ሁለት ቀን በመሃሉ ተመላለሱ። እኔ ትልቁን የምግብ ጠረጴዛ ትቼ ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ያሠራሁት እንደዚያ አድርጌ ነው።