የቮልስ ባምፐር ላይ ያለ ጭረት በምን ይለቃል?

ቮልስ1300፦ መኪናው የ1969 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ ነው። የፊት ባምፐሩ እንደ ሸረሪት ድር ደቃቅ ጭረት ሞልቶበታል፤ ቀኝ ጫፉ ላይ ጥፍር የሚይዝ አንድ ረጅም ጭረትም አለ። በበሩ ጎን የሚያልፈው ቀጭን ጌጥ ደግሞ ደብዝዟል። 800 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለኝ፤ ሁሉንም በሱ ልፈግፍገው?

ጥቁር ግሪስ፦ ኧረ ተው! ባምፐሩ ብረት ነው፤ በላዩ ኒኬል፣ ከኒኬሉ በላይ ክሮም ተለብጧል። ክሮሙ 1 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) እንኳ አይሞላም። በ800 ከነካኸው ወዲያው ቢጫ የሚያደላ ነገር ብቅ ይላል፤ ኒኬሉ ነው፣ ቢወለወል አይመለስም።

መጀመሪያ በሳሙና እጠበውና አድርቀው፤ አሸዋ ከቀረበት በጨርቁ አዲስ ጭረት ትጨምርበታለህ። ከዚያ የክሮም ፖሊሽ፣ አተር የምታህል፣ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ፤ ስንዝር በስንዝር። ደቃቁ ይጠፋል። ጥፍር የሚይዘው ግን ክሮሙን አልፏል፣ በፖሊሽ አይወጣም። ዝገት ከጀመረው ፎይል ጨብጠህ ውሃ እያስነካህ እሸው፤ አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭርም። አድርቀህ ዋክስ ቀባው። ጨርሶ ይጥፋ ካልክ መፍትሔው እንደገና ማስለበጥ ብቻ ነው።

ኮፈን፦ የድስት ሽቦስ? ዝገቱን ቶሎ ያነሳል።

ጥቁር ግሪስ፦ ያነሳል፤ ክሮሙንም አብሮ ይጭረዋል። የብረት ሱፍ ከሆነ 0000 የሚባለው፣ በጣም ደቃቁ፣ ብቻ፤ እሱም ከፖሊሽ ጋር።

ሦስተኛ ማርሽ፦ የበሩ ጌጥ ሌላ ጉዳይ ነው። ማግኔት አስጠጋ። ካልያዘውና ቀላል ከሆነ አኖዳይዝ የተደረገ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን የወጣበት፣ አሉሚኒየም ነው፤ የደበዘዘው ያ ሽፋን ስለሆነ ፖሊሽ አይሠራበትም። ከክሊፖቹ ቀስ ብለህ አውጣው፣ በአንድ ጫፍ ከሳብከው ይታጠፋል።

ሽፋኑን ኮስቲክ ሶዳ ያነሳዋል፦ ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 50 ግራም። ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምር እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አታድርግ። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ ጓንትና መነጽር አድርግ፤ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነውና ደጅ፣ ከእሳት ርቀህ ሥራ። አረፋው በደንብ ሲነሳ አውጥተህ በብዙ ውሃ እጠበው። ያ 800 እዚህ ነው የሚጠቅምህ፦ 800፣ 1200፣ 2000፣ ሁሉም በውሃ፣ ከዚያ ፖሊሽ። ጨርቁ ጥቁር ከሆነ እርቃኑን አሉሚኒየም ላይ ደርሰሃል። ከዚህ በኋላ ሽፋን ስለሌለው ዋክስ ካላስለመድከው መልሶ ይደበዝዛል።