ጎንደር ያለች ነርስ እህቴን ኮቪድ ይዟታል፣ ከዚህ ምን ልላክላት?

የአዘዞ ልጅ (ቶሮንቶ)
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ታናሽ እህቴ ጎንደር ነርስ ናት፣ ሰሞኑን ኮቪድ ተገኝቶባት ቤት ተኝታለች፣ አዘዞ ከናታችን ጋር ነው የምትኖረው። እሷን ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ብቻ ነው መልሷ፣ ድምጿ ግን ሌላ ነው። በዚህ ሳምንት ወደዛ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። ብር ልኬ አዚትሮማይሲንና ዴክሳሜታዞን እዛው ይግዙላት ወይስ ከዚህ የሚላክ ነገር አለ? የምታውቁ በናታችሁ።

እምዬ
እግዜር ይማራት። ፌጦ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ማታ ዳማከሴ ትታጠን። እኛ ቤት ሁላችንም በሱ ነው የተነሳነው።

ነርሷ (ሚኒሶታ)
ወንድሜ እግዚአብሔር ይማርልህ። እኔም ነርስ ነኝ፣ እዚህ ከመምጣቴ በፊት ጎንደር ነበር የምሰራው፣ በ2013 ከጥምቀት በኋላ ያዘኝ፣ ክትባቱ ገና አገር አልገባም ነበር፣ እሱ የካቲት መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። የእህትህን «ደህና ነኝ» በደንብ አውቀዋለሁ፣ የጤና ባለሙያ ሲታመም መታመሙ ራሱ ያሳፍረዋል፣ ደሞ ፈረቃዋን የምትሸፍንላት ጓደኛዋ ናት፣ እሷን እያሰበች ነው የምትተኛው።

አዚትሮማይሲኑ ይቅርብህ። የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ ለኮቪድ ተሞክሮ አልሰራም። ዴክሳሜታዞኑን ደሞ በጭራሽ፣ ሰኔ 2012 ላይ እንግሊዞቹ የጥናታቸውን ውጤት ሲያወጡ የረዳው ኦክስጅን ላይ ያለውን በሽተኛ ነው፣ ኦክስጅን ለማያስፈልገው ጥቅም አላሳየም፣ ሊጎዳም ይችላል። ያኔ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውጭ ያለ ልጁ በስልክ ያዘዘለትን ነበር የሚውጠው 😅

ለሚሄደው ሰው ፐልስ ኦክሲሜትር ስጠው፣ ያ ጣት ላይ ቆንጥጦ የደም ኦክስጅን የሚለካው፣ ትርፍ ባትሪ ጨምርበት። ኮቪድ ክፋቱ ሰውየው ትንፋሽ ሳያጥረው ኦክስጅኑ ሊወርድ ይችላል። ግን ጎንደር ከፍታው ከ2000 ሜትር በላይ ነው፣ ጤነኛ ሰው እንኳን ከቶሮንቶ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፣ ስለዚህ 94 አየሁ ብለህ በቫይበር እናትህን አታስደንግጥ፣ የምታየው በየቀኑ እየወረደ ነው ወይ የሚለውን ነው። ክፍሏ ውስጥ ትንሽ ተራምዳ መልሳ ትለካ፣ 3 ወይ ከዛ በላይ ከቀነሰ ለሐኪም ትንገር፣ ከ90 በታች ከሆነ ግን ወሬ የለም ሆስፒታል። የጥፍር ቀለም ካላት ታስለቅቅ፣ እጇም ቀዝቅዞ አይሁን። ደሞ ይሄ መሳሪያ ጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያነባል፣ አሜሪካ ውስጥ ተጠንቶ ነው፣ የተደበቀ የኦክስጅን ማነስ ጥቁሮቹ ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ነው የተገኘው። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጥ መጨረስ ካቃታት እሷን እመን፣ ቁጥሩን ተወው።

እምዬ ፌጦውን አልቃወምም እኔም ጠጥቻለሁ፣ የፈላ ድስት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መታጠን ግን ፊት ያቃጥላል፣ ይቅርባት። እናትህን የሚያሰጋት ጠያቂው ነው፣ አዘዞ ሰው ታሞ በር ዘግቶ መቀመጥ ነውር ነው አይደል። አንተ ደውለህ «ዶክተር ከልክሏል» በል፣ የውጭ አገር ልጅ ቃል ይከበራል።

እኔን ያሰቃየኝ ትኩሳቱ ሳይሆን ድነሻል ከተባልኩ በኋላ ያለው ነው። ከፒያሳ ወደ ቤት የምወጣውን ዳገት እያረፍኩ ነበር የምወጣው፣ ሁዳዴ ገብቶ ሽንኩርት ሲቁላላ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኝና ሽሮውን ጥዬ እነሳለሁ፣ ሥራ ቦታ የመድኃኒት መጠን ሳሰላ የጀመርኩትን ቁጥር ረስቼ ከላይ እጀምራለሁ፣ አለቃዬ ደሞ «ነጋቲቭ ሆነሻል አይደል እንዴ» ነበር የምትለኝ። ነጋቲቭ መሆንና መዳን አንድ አይደለም።

የአዘዞ ልጅ (ቶሮንቶ)
እህቴ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ኦክሲሜትሩን ዛሬውኑ እገዛለሁ። ግን እኮ ሰኞ ሥራ እገባለሁ እያለች ነው፣ በፍጹም አትሰማኝም።

ነርሷ (ሚኒሶታ)
ሰኞ?! ወንድሜ በደሞዙ ብቻ ማን ይኖራል፣ የሚያስነሳት ዲዩቲው ነው፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያው። ካልገባች የዚህ ወር ዲዩቲ የለም፣ ለናትህም ለቤት ኪራዩም እሱ ነበር የሚሆነው። ምክር አትንገራት። ለመድኃኒት ያሰብከውን ብር «ለዲዩቲሽ» ብለህ ላክላት፣ ወርዋን ትተኛ፣ ስትመለስም መጀመሪያ ቀን ቀን ብቻ እንዲመድቧት ትጠይቅ፣ ሌሊቱ ይቆያት። እኔ ያኔ ይህን የሚልልኝ ወንድም አልነበረኝም፣ ራሴን ጎትቼ ነው ሥራ የገባሁት።

የአዘዞ ልጅ (ቶሮንቶ)
ይሄንንማ አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ እልካለሁ።

ሰናይ
ይቅርታ ሰውየው ሻንጣው ላይ ትንሽ ቦታ ይኖረው ይሆን? ለአባቴ አንድ ኦክሲሜትር ልልክ ነበር፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው ያሉት፣ ኪሎውን እከፍላለሁ።